የጣት ጅማቱ ለተሰፋ ሰው የቪዲዮ ክትትል ያስተማምናል?

የተክለ ሃይማኖቷ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ጤና ይስጥልኝ። የእጅ ጉዳት ያጋጠማችሁንና ሙያው ያላችሁን ለመጠየቅ ነው የመጣሁት።

ታናሽ ወንድሜ ምናለሽ ተራ በአንድ የብረታ ብረት ሥራ ቤት ይሠራል። የመቁረጫ ማሽኑ ዲስክ ተሰብሮ ተፈናጠረና የቀኝ እጁን የመሐል ጣትና የቀለበት ጣት በመዳፉ በኩል መታው። አጥንቱ ተርፏል፤ ጣቶቹን የሚያጥፉት ጅማቶች ግን ተበጥሰው ስለነበር በዚያው ሌሊት በቀዶ ሕክምና ተሰፍተዋል። አሁን ከክንዱ አጋማሽ እስከ ጣቶቹ ጫፍ በእጁ ጀርባ በኩል የሚሄድ ጠንካራ የፕላስቲክ ድጋፍ ታስሮለት፣ በምንም ምክንያት እንዳያወልቀው ታዝዞ ቤት ተቀምጧል።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ አንዳንዱን ቀጠሮ በአካል፣ በመሐል ያለውን ደግሞ በቪዲዮ ጥሪ እንዲከታተል ሐሳብ አቅርባልናለች። አባታችን «እጁን ይዞ ያላየ ሰው በስልክ ምን ያውቃል?» ብለው ነገሩ አልተዋጠላቸውም። እኔም ሐሳቤ ተከፍሏል። በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ሚኒባስ ውስጥ ሰው ሲገፋው እጁን ደረቱ ላይ አቅፎ ሲሳቀቅ አያለሁ። ለአጭር ልምምድ ግማሽ ቀን ይሄዳል፤ አብሬው የምሄደውም ከሥራ ቀርቼ ነው። በሌላ በኩል እንጀራው ይህ እጅ ነው። ጅማቱ ቢላቀቅና በስልክ ሳይታይ ቢቀር ማን ይመልስለታል? እባካችሁ የምታውቁትን ንገሩኝ።

ነርስ፣ ከድንገተኛ ክፍል
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡25

እህቴ፣ ወንድምሽን ፈጣሪ ይማርልሽ። ስለ ክትትሉ ከእኔ የተሻለ የሚያውቁ ይመጣሉ። ርዕሱን አይቶ የሚገባ ሌላ ሰው ስለሚኖር ግን አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ገና የደረሰ የእጅ ጉዳት በቪዲዮ አይታከምም።

በተለይ በመዳፍ በኩል የገባ ስለት ያታልላል። ቆዳው ላይ ያለው ቁስል ትንሽ ሆኖ ከሥሩ ጅማቱና ነርቩ ሙሉ በሙሉ ተቆርጠው ይገኛሉ። የተቆረጠ ጅማት ደግሞ የሱሪ ገመድ ሲበጠስ ወደ ውስጥ እንደሚገባው ወደ መዳፍ፣ አንዳንዴም ወደ ክንድ ይሸሻል፤ በቆየ ቁጥር ፈልጎ ማምጣቱ ይከብዳል። ቤት ውስጥ የሚታይ አንድ ምልክት ልንገራችሁ። እጁ መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ ጠረጴዛ ላይ ዘና ብሎ ይቀመጥ። ጤነኞቹ ጣቶች በራሳቸው ትንሽ ትንሽ ይታጠፋሉ፤ ከሌባ ጣት ወደ ትንሿ ጣት ሲሄዱ እጥፋቱ ይጨምራል። ከመሐላቸው አንዷ ብቻዋን ተዘርግታ ከቀረች ጅማቷ ተቆርጧል ብላችሁ ገምቱና ሳትውሉ ሳታድሩ ተነሡ።

ማንኛውም የእጅ ጉዳት ሲደርስ ቀለበት ወዲያውኑ ይውለቅ፤ እብጠቱ ከመጣ በኋላ በመቁረጫ ካልሆነ አይወጣም። ጣት ተቆርጦ ከተለየ በንጹሕ ውኃ በረጠበ ፋሻ ጠቅልሉት፣ በፌስታል አሽጉት፣ ፌስታሉን በረዶ ባለበት ውኃ ውስጥ አስቀምጡት። በረዶው ሥጋውን በቀጥታ መንካት የለበትም። በምጣድ ወይም በፈላ ውኃ የተቃጠለ እጅ ቧንቧ ሥር 20 ደቂቃ ያህል ይቆይ፤ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላልና ቅቤ አይነካው።

ስልክ በዚህ ሰዓት የሚጠቅመው አምቡላንስ ለመጥራት (907 ወይም 939) እና የት እንደሚኬድ ለመጠየቅ ነው። የካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ሕክምና ክፍል አለው፤ አቤት ሆስፒታል ደግሞ ከስሙ ጀምሮ ለቃጠሎ፣ ለድንገተኛና ለአደጋ ሕክምና የተቋቋመ ነው።

ካዛንቺስ የነበርነው
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

የእኛን ልንገርሽ። እናቴ ደረጃ ላይ ተንሸራትተው በመዳፋቸው ሲያርፉ የእጃቸው አንጓ ተሰበረ። ጄሶው የታሰረላቸው ገና ካዛንቺስ ሳለን ነበር። ከዚያ ሰፈሩ ለልማት ተነሣና ወደ ከተማው ዳር ሄድን፤ ሐኪማቸው ግን እዚሁ መሐል ከተማ ነው። ጄሶው ከተፈታ በኋላ የቀረውን ልምምድ አብዛኛውን በቪዲዮ ነው የጨረሱት።

መጀመሪያ ላይ እናቴም እንደ አባትሽ ነበሩ። አንድ ቀን ባለሙያው «እማማ፣ ልምምዱ ይቆየንና ቡና ሲያፈሉ ልይዎት» አላቸው። ስልኩን ረከቦቱ ፊት ለፊት አቆምኩት። እናቴ ጀበናውን በግራ እጃቸው አነሡ። ቀኝ እጃቸው ደህና ሆኗል እያሉን እኮ ነው! ባለሙያው «እስቲ በቀኝ» ሲላቸው አንጓው ለመቅዳት ዘንበል የሚለውን ያህል አልዞር አለ፤ ትከሻቸውን ከፍ አድርገው ነበር የሚያካክሱት። ሆስፒታል ወንበር ላይ ተቀምጠው «ያጥፉ፣ ይዘርጉ» ሲባሉ ይህ አልታየም። በዚያው ዕለት ልምምዳቸው ተቀየረ፤ ባዶ ጀበና ይዞ ቀስ ብሎ ማዘንበል፣ ከዚያ ትንሽ ውኃ መጨመር፣ ከዚያ እየሞሉ መሄድ። አሁን እንግዳ ሲመጣ የሚቀዱት በቀኛቸው ነው።

ስለዚህ እኔ ቪዲዮው ይበቃል ብቻ ሳይሆን ሆስፒታል የማይታየውንም ያሳያል እላለሁ። ያንቺ ወንድም ጉዳት ግን ከአጥንት ስብራት የተለየ ስለሆነ ባለሙያዎቹ ይናገሩ።

የአጥንት ቀዶ ሕክምና ሬዚደንት
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡10

ከተረኝነት መውጫዬ ላይ ነው የምጽፈው። የጀበናው ታሪክ እውነት ነው፤ ሆኖም ቪዲዮን በደስታ ከመቀበላችን በፊት እጅ የሚያውቀውንና ዐይን የማያውቀውን መለየት አለብን።

በመዳፉ ተደግፎ የወደቀ ወጣት አስቡ። አንጓው ብዙ አላበጠም፤ ጣቶቹን ያንቀሳቅሳል፤ ካሜራ ፊት ጤነኛ ይመስላል። በአውራ ጣቱ ሥር ያለችውን ትንሽ ጉድጓድ በጣቴ ስጫናት ግን ይዘልላል። እዚያች ቦታ ያለው ስካፎይድ የሚባለው ትንሽ አጥንት ሲሰበር የመጀመሪያው ራጅ ንጹሕ ሆኖ ሊወጣ ይችላል፤ ስለዚህ ደግፈን አስረን ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ እንደገና እናነሣዋለን። የደም አቅርቦቱ በአንድ በኩል ብቻ የሚገባ በመሆኑ ከተዘነጋ ሳይገጥም ይቀራል፤ ከዓመታት በኋላ አንጓው ይበላሻል። ይህን የሚያገኘው የሚጫን ጣት ነው።

ሁለተኛው ኢንፌክሽን ነው። የጣት ጅማት ሽፋን ውስጥ መግል ሲገባ የምናያቸውን አራት ምልክቶች ካናቬል የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ከመቶ ዓመት በፊት ነው የለየልን፦ ጣቱ ከሥር እስከ ጫፍ ያብጣል፣ ትንሽ ታጥፎ ይቆያል፣ ጅማቱን ተከትሎ ሲነካ ያማል፣ ሌላ ሰው ቀስ ብሎ ሊዘረጋው ሲሞክር ሕመሙ አይቻልም። ሁለቱን ካሜራ ያያቸዋል፤ ሁለቱን አያይም። በዚያ ላይ መጻሕፍቱ «መቅላት» የሚሉት ነገር በነጭ ቆዳ ላይ የተጻፈ ነው። በእኛ ቆዳ ላይ፣ ማታ በአምፖል ብርሃን፣ በስልክ ስክሪን መቅላትን እጠብቃለሁ ያለ ሐኪም ይዘገያል።

ለወንድምሽ የምለው ይህ ነው፦ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀጠሮዎች በአካል ይሁኑ። የተሰፋ ጅማት በዚያ ጊዜ ደካማ ነው። አባትሽን የሚያሰጋቸው ነገር መሠረት የሌለው አይደለም።

የእጅ ፊዚዮቴራፒ ባለሙያ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡30

ለየተክለ ሃይማኖቷ፣ ለዶክተርም። ወንድምሽን የምከታተለው ባለሙያ እኔው ነኝ።

ዶክተር ያሉት ሁሉ ልክ ነው፤ የምለየው በአንድ ነገር ብቻ ነው። ጅማቱ ደካማ በሆነበት ጊዜ ታካሚው በአካል መታየት አለበት፤ ነገር ግን በዚያው ጊዜ ከወትሮው በበለጠ ደጋግሞም መታየት አለበት። ሁለቱን አንድ ላይ ማግኘት የሚቻለው አካሉንና ስልኩን ስናጣምር ነው።

ምክንያቱን ላስረዳ። ድሮ ጅማት ከተሰፋ በኋላ እጁ ሳይንቀሳቀስ ታስሮ ይቆይ ነበር፤ ጅማቱ ይገጥማል፣ ግን ከሽፋኑ ጋር ተጣብቆ ጣቱ አይታጠፍም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ክላይነርትና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ሉዊቪል ከተማ ጣቱን ከቀዶ ሕክምናው ጥቂት ቀናት በኋላ በጥንቃቄ ማንቀሳቀስ እንደሚቻል አሳዩ፤ ከዚያ ወዲህ አሠራሩ ተለውጧል። ለውጡ ታላቅ ነው፤ ነገር ግን ሕክምናውን ከሆስፒታል አውጥቶ ቤት አስገባው። ልምምዱ በቀን ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚደጋገም ነው። እኔ የማየው አንዱን ጊዜ ነው፤ የቀረውን ሁሉ ታካሚው ብቻውን ይሠራዋል። ጅማት ሲበጠስ ያየኋቸው ሰዎች እኔ ፊት ተቀምጠው አልነበረም የተበጠሰባቸው። አንዱ ለመታጠብ ድጋፉን ሲያወልቅ፣ ሌላው ተንሸራትቶ የበር እጀታ ሲይዝ፣ ሌላዋ ልጇን ሳታስብ በተጎዳው እጅ ስታነሣ ነው። ስለዚህ ቤቱን የሚያሳየኝ መንገድ ካገኘሁ አልተወውም።

በአካል ብቻ የሚሆነውን አስቀድሜ ልናገር። ስፌት መፍታት፣ ቁስል ማየት፣ ድጋፉን መቅረጽና ማስተካከል፣ የስሜት ምርመራ፣ ከአንዱ የልምምድ ደረጃ ወደሚቀጥለው መሻገር። እነዚህን በስልክ የሚያደርግ ባለሙያ ካጋጠመሽ እምቢ በይው። ድጋፉ የተሠራው ሲሞቅ ከሚለሰልስ ፕላስቲክ ነው፤ ምድጃ አጠገብ ወይም ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ሊጣመም ስለሚችል ቤት ውስጥ አሙቃችሁ ለማስተካከል እንዳትሞክሩ።

በቪዲዮ የማየው ደግሞ ይህ ነው። ወንድምሽ ክርኑን ጠረጴዛ ላይ አሳርፎ ይቀመጥ፤ መስኮቱ ፊቱ እንጂ ጀርባው አይሁን። ስልኩ በእጁ ከፍታ፣ ከትንሿ ጣት ወገን በጎን ይቁም፤ ከላይ ወደ ታች የተቀረጸ ጣት የታጠፈበት መጠን አይታወቅም። ስልኩን የሚይዝ ሰው እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ሁለት መጽሐፍ መሐል ማቆም ይሻላል። ከዚያ በጤነኛው እጁ የተጎዱትን ጣቶች ቀስ አድርጎ ወደ መዳፉ ያጥፋቸው፣ ይልቀቃቸው፣ ድጋፉ እስከሚፈቅደው ድረስ ብቻ ይዘርጋ። በራሱ ኃይል አይጨብጥ። እኔ የማየው የጣቱ ጫፍ ከመዳፉ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደቀረው ነው፤ በተማሪ ማስመሪያ ይለካል። ያ ርቀት ከሳምንት ሳምንት እየቀነሰ ከሄደ ደስ ይለኛል፤ ከቆመ በአካል እጠራዋለሁ፤ ትናንት የነበረ እንቅስቃሴ ዛሬ በድንገት ከጠፋ ደግሞ በዚያው ዕለት ወደ ቀዶ ሐኪሙ ነው።

የኔትወርኩ ነገር ብዙዎችን ያስጨንቃል። ቀጥታ ጥሪ እየተቆራረጠ ከመታገል፣ ልምምዱን ቀርጾ በቴሌግራም መላክ ለእኔ ይበልጥብኛል። አቁሜ አየዋለሁ፣ ካለፈው ሳምንት ጋር አስተያየዋለሁ። ውይይቱን ከዚያ በተራ የስልክ ጥሪ እንጨርሳለን። መብራት ቢጠፋም አይቋረጥም።

ሌላም አለ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ድጋፉ ሲወልቅና እጁን ቀስ በቀስ መጠቀም ሲፈቀድ፣ እኔ ታካሚዎቼን ምሳ ሲበሉ ማየት እወዳለሁ። እንጀራ ቆርሶ፣ ወጡን ጠቅልሎ፣ ወደ አፍ ማድረስ ጣቶች ሁሉ የሚተባበሩበት ሥራ ነው። ብዙ ጊዜ የተጎዳው ጣት ደህና መታጠፍ እየቻለ ከሌሎቹ ተነጥሎ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሰውየው ሳያውቀው ከሥራ አውጥቶታል። ይህን ከማዕዱ ውጭ አላገኘውም።

አባታችሁን ደግሞ በመጀመሪያው የቪዲዮ ቀጠሮ አጠገቡ አስቀምጧቸው። ስለ ልጃቸው የፈሩትን ራሳቸው ይጠይቁኝ። የተሸሸገ ነገር እንደሌለ ያያሉ።

ጎጃም በረንዳ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡20

ይቅርታ፣ ከርዕሱ ልወጣ ነው፤ ግን ቸኩያለሁ። የእህቴ ልጅ፣ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ከደረጃ ወድቆ ክርኑን ጎዳው። ሰፈር ያለ ወጌሻ ዘንድ ወስደውት በቀርከሃ አስሮታል። ልጁ ማልቀሱን አላቆመም። ጣቶቹ አብጠዋል፣ ቀዝቀዝ ብለዋል። እዚህ ያላችሁ ሐኪሞች በቴሌግራም ፎቶ ብልክላችሁ ታዩልኛላችሁ?

ነርስ፣ ከድንገተኛ ክፍል
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡23

ወንድሜ፣ ፎቶ አያስፈልግም። እሥሩን አሁኑኑ ፍቱት። ክንዱን ባለበት ሁኔታ ደግፋችሁ በልቡ ከፍታ ያዙትና ወደ ቅርብ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሩጡ። ውኃም ምግብም እንዳትሰጡት፤ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል።

የአጥንት ቀዶ ሕክምና ሬዚደንት
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡31

በነርሷ ላይ የምጨምረው የለም፤ ለሌሎች ለማስረዳት ያህል ብቻ። በጠበቀ እሥር ወይም በጠበቀ ጄሶ ውስጥ ክንድ ሲያብጥ ግፊቱ ደሙን ይዘጋዋል። ጡንቻው ያለ ደም በሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል፤ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ወሰን 6 ሰዓታት ነው። የሞተ ጡንቻ አይመለስም፤ እጁ ተኮራምቶ ይቀራል ወይም ይቆረጣል። ምልክቶቹ፦ ማስታገሻ የማይመልሰው ሕመም፣ ጣቶቹን ሌላ ሰው ሲዘረጋቸው የሚጨምር ሕመም፣ መደንዘዝ፣ መቀዝቀዝ። ጥፍሩን ስትጫኑት ነጣ ብሎ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ካልቀላ መዘግየት የለም። በዚህ ጊዜ ቪዲዮ መደወል ራሱ ጊዜ ማባከን ነው።

የሰው ኃይል አስተዳደር ባለሙያ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡15

ልጁ በደህና እንዲገባ እየጸለይኩ፣ ለየተክለ ሃይማኖቷ ስለ ሥራው በኩል ልጻፍ፤ ማንም አላነሣውም።

ወንድምሽ የተጎዳው ሥራ ላይ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሕክምና ወጪው፣ የድጋፍ መሣሪያውንም ጨምሮ፣ በአሠሪው ላይ ነው። ክፍያውን በተመለከተ ብዙ አሠሪዎች የተራ ሕመም ፈቃድን ደንብ ይጠቅሳሉ፤ የመጀመሪያውን ወር ሙሉ፣ ቀጥሎ ያሉትን ሁለት ወራት ግማሽ የሚለውን። የሥራ ላይ ጉዳት ሌላ ነው። ለጊዜው መሥራት ላልቻለ ተጎጂ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ፣ ቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ የቀሩት ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈላል። ቀን ሠራተኛ ነው ብለው እንዳያታልሉት።

የሕክምና ማስረጃው የሚጻፈው ዕውቅና ካለው የሕክምና ተቋም ነው። ስለዚህ በአካል የሚሄድባቸውን ቀጠሮዎች አትዝለሉ፤ በእያንዳንዱ ጊዜ «እስከዚህ ቀን መሥራት አይችልም» የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት ተቀበሉ። የቪዲዮ ክትትሉም በካርዱ ላይ ቀኑ እየተጠቀሰ እንዲመዘገብ ባለሙያዋን ጠይቂያት። በቴሌብር የከፈላችሁትን ደረሰኝም አስቀምጡ።

የስታዲየም ግብ ጠባቂ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡00

የእኔ ቀላል ነው፤ ግን ለቪዲዮ ክትትል ከዚህ የተሻለ ጉዳት ያለ አይመስለኝም። ኳስ የቀለበት ጣቴን ጫፍ መታችና ጣቱ ከመጨረሻው መገጣጠሚያ ላይ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ቀረ። ራጅ ተነሥቼ ስብራት አለመኖሩ ከታወቀ በኋላ ጫፉን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ትንሽ ድጋፍ ተደረገልኝ። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቀንም ሌትም አይወልቅም፤ አንዴ እንኳ ጣቱ ከታጠፈ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። ከባዱ ሲታጠቡ መቀየሩ ነው። ባለሙያው በቪዲዮ ያሳየኝን አሁንም እንደዚያው አደርጋለሁ፤ ጣቴን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ፣ ጫፉ ከጠረጴዛው ሳይነሣ ድጋፉን አንሸራትቼ አወጣለሁ፣ ቆዳውን አደርቃለሁ፣ መልሼ አስገባለሁ። የጎን ፎቶ እልክለታለሁ፤ «ቀጥ ብሏል፣ ቀጥል» ይለኛል። ለዚህ ሆስፒታል ሄጄ ብሰለፍ ለእኔም ለእነርሱም ድካም ነበር።

አለርት ያገለገልኩ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡20

ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ነርቩም ተነክቶ ከሆነ ብዬ ልጨምር፤ በዚያ ቦታ የተቆረጠ ጣት ብዙ ጊዜ ጎን ለጎን ያሉትን ትናንሽ ነርቮችም ይነካል። ጣቱ ጫፍ ላይ ይደነዝዘዋል ወይ?

የተሰፋ ነርቭ በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ነው የሚያድገው። ከጣት ሥር እስከ ጫፍ ወራት ይፈጃል፤ አንጓ ላይ ቢሆን ግማሽ ዓመትም አይበቃውም። በዚያ ሁሉ ጊዜ ጣቱ ትኩስ ሲኒ ቢነካ አያውቅም። አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 ሲቋቋም ጀምሮ ለሥጋ ደዌ ታካሚዎች ይነገር የነበረው ትልቁ ትምህርት ይህ ነው፦ ስሜት የሌለውን እጅ ዐይን ይጠብቀዋል። በየማታው ብርሃን ላይ ሆኖ መዳፉንና የጣቶቹን ጎን ማየት፣ አዲስ ውኃ የቋጠረ ወይም የተላጠ ቦታ መፈለግ፣ ትኩስ ዕቃ በጨርቅ መያዝ። አንድ ጭረት ካየ ፎቶ አንሥቶ ለባለሙያዋ ይላክ። ይህን ያኔ ስልክ ባይኖርም በየቤቱ እየዞርን እናስተምር ነበር፤ አሁን ስልኩ ካለ እግዚአብሔር ይመስገን።

አባትሽንም ሰላም በይልኝ። ልጃቸውን የሚጠብቁ አባት ናቸው።

ጎጃም በረንዳ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡45

ነርሷን፣ ዶክተርን፣ ሁላችሁንም አምላክ ይስጥልኝ። እሥሩን እንደፈታነው ታክሲ ውስጥ ጣቶቹ እየሞቁ መጡ። ከክርኑ በላይ ያለው አጥንት ተሰብሮ ነበር፤ ሌሊቱን በቀዶ ሕክምና በሽቦ አስተካክለውለታል። ጣቶቹን ያንቀሳቅሳል። ዶክተሩ ዛሬ ጠዋት ሦስት ነገር እንዲያሳየው ጠየቀው፤ አውራ ጣቱን ወደ ላይ ማንሣት፣ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ክብ መሥራት፣ ጣቶቹን መበተን። ሦስቱንም አደረገ። እህቴ ቆማ አለቀሰች።

የአጥንት ቀዶ ሕክምና ሬዚደንት
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 12፡50

እሰይ! እነዚያ ሦስት እንቅስቃሴዎች ወደ እጅ የሚሄዱት ሦስቱ ዋና ዋና ነርቮች መሥራታቸውን ያሳያሉ። ቤት ከገባችሁ በኋላም በየቀኑ እንዲያሳያችሁ አድርጉ፤ አንዱ ቢቀር ወዲያውኑ ተመለሱ። ለየተክለ ሃይማኖቷም፦ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ የጻፉትን አነበብኩ። ድጋፍ መቅረጽ፣ ቁስልና የደረጃ ለውጥ በአካል፣ በመሐሉ ደግሞ በቪዲዮ ደጋግሞ ማየት ከሆነ እስማማለሁ። ቀዶ ሕክምናውን የሠራው ሐኪምም ይህን ዕቅድ ይወቀው፤ በስንት ክር፣ እንዴት እንደሰፋው የሚያውቀው እርሱ ነው፤ ልምምዱም በዚያ ይወሰናል።

የመድረኩ አስተናጋጅ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡15

አንድ አባል የቁስሉን ፎቶ ከነካርድ ቁጥሩ እዚህ ለጥፎ ስለነበር አንሥተነዋል። የጤና መረጃ በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ውስጥ ነው። ፎቶ ለሚከታተላችሁ ባለሙያ ብቻ፣ በግል መልእክት ላኩ፤ ፊትና ስም አይታይ። በትልልቅ የቴሌግራም ቡድኖች ውስጥ አትለጥፉ።

የተክለ ሃይማኖቷ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡30

ሁላችሁንም በጣም አመሰግናለሁ። መልሶቻችሁን ለአባታችን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። የትንሹ ልጅ ነገር ሲነበብ ተነሥተው ቆሙ፤ ከዚያ «እንግዲያው የሚታየው በሁለቱም ይሁን፣ እኔም አጠገቡ እቀመጣለሁ» አሉ። ጣቱ ጫፍ ላይ ይደነዝዘዋል፤ አለርት ያገለገሉት አባት የጠየቁት ትክክል ነበር። ነገ በአካል ስንሄድ አነሣዋለሁ። ከቀዶ ሐኪሙ ጋርም እንድትነጋገር ጠይቄአታለሁ።

አንድ የቀረችኝ ጥያቄ፦ ስፌቱ ከተፈታ በኋላ ጠባሳው እየጠነከረ ጣቱን እንዳይስበው ማሸት ይጠቅማል ይባላል። ይህስ በቪዲዮ ይማራል? በምንስ ይታሻል?

የእጅ ፊዚዮቴራፒ ባለሙያ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡05

ይማራል፤ የመጀመሪያውን ጊዜ ግን በአካል ላሳየው፣ የግፊቱ መጠን በዐይን አይያዝም። ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋና ምንም ፈሳሽ ከሌለው በኋላ ብቻ ነው የሚጀመረው። ቫዝሊን ይበቃል፤ ውድ ቅባት አትግዙ። በጤነኛው እጅ አውራ ጣት፣ ጠባሳው ላይ፣ በትንሽ በትንሹ እየዞረ፣ ቆዳው አብሮ እስኪንቀሳቀስ ድረስ ይጫን፤ ጥቂት ደቂቃ፣ በቀን ደጋግሞ። እያሸ ሳለ ድጋፉ በቦታው ይሁን፤ ጣቶቹን ወደ ኋላ አይዘርጋ። ስሜት የሌለው ቦታ ላይ ስለሆነ ቆዳው እንዳይላጥ ከእያንዳንዱ መታሸት በኋላ ይየው። ነገ በስንት ሰዓት እንደምትመጡ ጻፉልኝ፤ ጠዋት ከሦስት ሰዓት በፊት ከሆነ ሰልፉ ይቀላል።